ኢኤምቲ ለመሆን 2,800 ዶላር መክፈል ወይስ የገጠር በጎ ፈቃደኛ መሆን? ዋጋው፣ ጊዜውና ፎርጅዱ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ካሉ ቤተሰቦች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ልጃቸው ኮሌጅ ገብቷል፤ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፒኤ (የሐኪም ረዳት) መሆን ይፈልጋል፤ ለማመልከቻው ደግሞ ከበሽተኛ ጋር ያሳለፈው ሰዓት ያስፈልገዋል። "በ3 ሳምንት ኢኤምቲ" (አምቡላንስ ላይ የሚሠራ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) የሚል ማስታወቂያ አይቷል። "2,800 ዶላር ነው፤ እንክፈል ወይ?" ይላሉ።

አትክፈሉ። ያንኑ ሥልጠና በነፃ የሚሰጡ፣ አምቡላንሱን፣ ዩኒፎርሙንና ልምዱንም አብረው የሚሰጡ የበጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ከብዙዎቻችሁ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ አሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

ፈጣኑ የግል ኮርስ ምን ያህል ያስወጣል?

ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ከ2,000 እስከ 3,500 ዶላር ነው። ያላካተተውን ደምሩበት፦ ኮርሱ ሌላ ከተማ ከሆነ የ3 ሳምንት ማደሪያና ምግብ፣ የወንጀል ማጣሪያና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ፣ ክትባት፣ ሲፒአር (ልብ ሲቆም ደረት ተጭኖ የመርዳት) ካርድ፣ በመጨረሻም 100 ዶላር ገደማ የብሔራዊ ፈተና ክፍያ። 2,800 የተባለው በቀላሉ ከ4,000 ያልፋል።

ዋናው ችግር ግን ከኮርሱ በኋላ ነው የሚመጣው። 150 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ትምህርት በ3 ሳምንት ሲታጨቅ በሳምንት 50 ሰዓት ይሆናል። ብዙ ኮርሶች ለመጨረስ የሚጠይቁት 10 ታካሚ መመርመርን ነው። 10 ሰው የደም ግፊት ለክቶ የወጣ ልጅ እጁ ገና አልፈታም። ዩኒቨርሲቲው ሲመለስ አብሮ የሚሠራበት አምቡላንስ የለውም፤ የግል አምቡላንስ ድርጅቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሹፌርነት የዕድሜ ገደብ አላቸው። ሰርተፍኬቱ በየ2 ዓመቱ 40 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይጠይቃል። ያን ሳያሟላ ጊዜው ያልፍበትና ገንዘቡን ውሃ በላው ማለት ነው።

ለማንኛውም ከፍላችሁ ልትማሩ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ኮርሱ በስቴቱ የድንገተኛ ሕክምና ቢሮ የጸደቀበትን ቁጥር፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ራሳችሁ ቢሮው ጋ ደውሉ። ሁለተኛ፣ ያለፉትን 3 ዓመታት ተማሪዎች በመጀመሪያ ሙከራ የማለፍ መጠን። ትምህርት ቤቶች ይህን ከብሔራዊ ፈተናው ተቋም ማውጣት ይችላሉ፤ "አሁን እጃችን ላይ የለም" ካሉ ሌላ ፈልጉ። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ተምራችሁ በ79 ዶላር "የድንገተኛ ረዳት" ሰርተፍኬት እንሰጣለን የሚሉትን አትጠጉ፤ የተግባር ክህሎታችሁን የሚያረጋግጥ የጸደቀ ትምህርት ቤት ከሌለ ለፈተናው እንኳ አትቀርቡም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ

ሁለተኛ ምርጫ ይኼ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ትምህርቱ 7 ክሬዲት፣ የተግባር ልምምዱ 1 ክሬዲት ነው፤ ለስቴቱ ነዋሪ እንደ ኮሌጁ ከ1,300 እስከ 1,800 ዶላር ያህል አስቡ። መምህራኑ ጥሩ ናቸው፣ ጊዜውም አንድ ሙሉ ሴሚስተር ስለሆነ ትምህርቱ ይሰርጻል።

ሁለት ወጥመድ አለው። ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ፔል ግራንት የሚባለውን የፌዴራል ድጎማ የሚያገኝ ልጅ ያንን ድጎማ በተመሳሳይ ጊዜ ሁለት ኮሌጅ ላይ መውሰድ አይችልም፤ "ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ድጎማ ማመልከቻ) ይሸፍነዋል" ብሎ የተመዘገበ ሂሳቡ ቆይቶ ይመጣበታል። ሌላው ውጤቱ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ ከየትኛውም ኮሌጅ የተወሰደ ክሬዲት ሁሉ እንዲገባ ያስገድዳል፤ ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጋር ደርቦ ወስዶት "ሲ" ያመጣ ልጅ ያቺ "ሲ" እስከ መጨረሻው ትከተለዋለች። በበጎ ፈቃደኛ ቡድን በኩል የሚወሰደው ሥልጠና ብዙ ጊዜ የኮሌጅ ክሬዲት ስለሌለው ይህ ጣጣ የለበትም።

የገጠሩ ቡድን

ቨርጂኒያ የዚህ ሥራ እናት ናት። ጁልያን ስታንሊ ዋይዝ በ1928 ሮአኖክ ከተማ ላይ ያቋቋመው ቡድን በአሜሪካ ራሱን ችሎ የቆመ የመጀመሪያው የበጎ ፈቃደኞች የነፍስ አድን ቡድን ነው። ዛሬም በስቴቱ ገጠር ብዙ ቦታ አምቡላንሱን የሚያንቀሳቅሱት ጎረቤቶች ናቸው፤ ሰው እጥረት ስላለባቸው ተማሪን በደስታ ይቀበላሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ የበጎ ፈቃደኛ ጣቢያ አባል የሆነ ሰው በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ሥር ባለው የእሳትና ነፍስ አድን ተቋም ያለ ክፍያ ይማራል። አንዳንድ ጣቢያዎች ፈረቃ ለሚሸፍን ተማሪ እዚያው መኝታ ይሰጣሉ፤ የቤት ኪራይ ቀረ ማለት ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ማመልከቻ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የጣት አሻራና የወንጀል ማጣሪያ፣ የጤና ምርመራ። ከዚያ ሦስተኛ ሰው ሆናችሁ አምቡላንስ ላይ ትወጣላችሁ፦ ቃሬዛ መግፋት፣ ቦርሳ መያዝ፣ ማየት። ክፍሉ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሁለት ምሽትና አንዳንድ ቅዳሜ ሆኖ ከ4 እስከ 5 ወር ይወስዳል። በምላሹ የሚጠየቀው በሳምንት አንድ የ12 ሰዓት ፈረቃ ሲሆን ከ1 እስከ 2 ዓመት የማገልገል ግዴታም ሊኖር ይችላል።

"ነፃ" ሲባልም ቤንዚኑን ቁጠሩ። ደርሶ መልስ 90 ማይል፣ መኪናው በጋሎን 30 ማይል ቢሄድ 3 ጋሎን፣ 10 ዶላር ገደማ ነው። በዓመት 48 ሳምንት ብትመላለሱ 480 ዶላር። ቢሆንም ከ4,000 ጋር አይነጻጸርም፤ ደግሞም በ48 ሳምንት 576 የአገልግሎት ሰዓት ይዛችኋል።

የሚበላሸው ጊዜው ላይ ነው። ማጣሪያው ሳምንታት ይፈጃል፤ ክፍል የሚከፈተው ብዙ ቦታ በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው። በመስከረም ያመለከተ በጥር ክፍል ይገባል፣ በግንቦት ወይም በሰኔ ይፈተናል። ሦስተኛ ዓመት ላይ የጀመረ ግን ሰርተፍኬቱ የሚደርሰው የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻው ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ አንደኛ ዓመት፣ ቢዘገይ ሁለተኛ ዓመት መግቢያ ላይ ጀምሩ። ውሉንም አንብቡ፤ ቀድሞ ለሚለቅ የሥልጠናውን ወጪ የሚያስመልሱ ጣቢያዎች አሉ።

ከተማ ወይስ ገጠር?

የከተማ አምቡላንስ ጥሪ ይበዛበታል፤ ሆስፒታሉ ቅርብ ስለሆነ ግን ከበሽተኛው ጋር 8 ወይም 10 ደቂቃ ብትቆዩ ነው። ገጠር በ12 ሰዓት ፈረቃ አንድ ጥሪ ሊመጣ፣ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ሲመጣ ግን ከበሽተኛው ጋር 45 ደቂቃ አብራችሁ ናችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ እንደ ሃይላንድ ያለ፣ አንድም ሆስፒታል የሌለው ካውንቲ አለ።

እነዚያ 45 ደቂቃዎች የሚያስተምሩትን አንድ ነገር ብቻ እንይ፦ ኦክስጅን። ዲ የሚባለው በእጅ የሚያዘው ሲሊንደር ጌጁ ላይ 2,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አነበበ እንበል። 200 ለመጠባበቂያ ቀንሱ፣ የቀረውን 1,800 የዲ ሲሊንደር ማባዣ በሆነው በ0.16 አባዙ፤ 288 ሊትር ነው። ትንፋሽ ላጠራት እናት በደቂቃ 15 ሊትር ከለቀቃችሁ 19 ደቂቃ ይበቃል። ከቤቷ በኮረኮንች መንገድ ወርዶ አምቡላንሱ ጋ እስኪደረስ ግማሹ አልቋል። አምቡላንሱ ላይ የተገጠመው ኤም ሲሊንደር በዚያው ልክ ከ3 ሰዓት በላይ ይሰጣል፤ ቱቦውን ከዲው ነቅሎ ግድግዳው ላይ መሰካት ግን የእናንተ ሥራ ነው። ጀማሪ የሚረሳው ይህን ነው። ምልክቱ የማስኩ ከረጢት እየሟሸሸ ከላስቲኩ ጋር መጣበቁ ነው። የተረጋጋ በሽተኛ በየ15 ደቂቃው፣ ያልተረጋጋ በየ5 ደቂቃው ይለካል፤ በ45 ደቂቃ ውስጥ ያልተረጋጋው 9 ጊዜ ማለት ነው። የደም ግፊቱ ከ130 ወደ 104፣ ከዚያ ወደ 92 ሲወርድ ዓይናችሁ እያየ ይለመዳል። የሕክምና ትምህርት ቤት ቃለ መጠይቅ ላይ የምትናገሩት ነገር የሚኖራችሁ ከዚህ ነው።

ሰዓታችሁን ከመጀመሪያው ቀን መዝግቡ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የጥሪ ብዛት፣ የሠራችሁት። የበሽተኛ ስም ፈጽሞ አይጻፍም። ጣቢያ ውስጥ የተኛችሁበትን ሰዓት ከበሽተኛ ጋር ከነበራችሁበት ለይታችሁ ያዙ፤ በተለይ ፒኤ ፕሮግራሞች ይህን ልዩነት ይጠይቃሉ።

ሌሎቹ አማራጮች

ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሐበሻው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። ደመወዝ የግድ ካስፈለጋችሁ ይሻላል፣ ጥሩ ልምድም ነው። የበረሃና የተራራ ድንገተኛ ሕክምና ኮርስ ከ70 እስከ 80 ሰዓት ይፈጃል፣ 1,000 ዶላር ገደማ ይጠይቃል፤ ለተራራ መሪ ይጠቅማል፣ አምቡላንስ ላይ ግን አያሠራም።

በ3,000 ዶላር "የሕክምና በጎ ፈቃድ ጉዞ" የሚሸጡትን ተዉአቸው። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ተማሪ ካልሠለጠነበት ሥራ እንዲርቅ የሚያሳስብ መመሪያ አለው፤ ውጭ አገር መርፌ ወጋሁ፣ ቁስል ሰፋሁ የሚል ማመልከቻ ጠቃሚ ሳይሆን ጎጂ ነው። በክረምት አዲስ አበባ ሄዶ ዘመድ ሐኪም ጋ መቀመጥ ለሚያስቡም ያው ነው፦ እዩ፣ ጠይቁ፣ አትንኩ። ገጠርን በነፃ ለማየት ስታን ብሮክ በ1985 የመሠረቱት ሪሞት ኤሪያ ሜዲካል አለ፤ ለጥርስ፣ ለዓይንና ለአጠቃላይ ሕክምና በየቦታው ጊዜያዊ ክሊኒክ ይከፍታል፣ ሰርተፍኬት የሌለውንም በጎ ፈቃደኛ ይቀበላል።

ዕቃ፦ ኦርጅናልና ፎርጅድ

ጣቢያው ዋናውን ሁሉ ይሰጣል፤ ብዙ አትግዙ። ከገዛችሁ ግን ፎርጅዱ እዚህ ነፍስ ያስከፍላል።

ካት የሚባለው የደም ማቆሚያ ቱርኒኬት ኦርጅናሉ 30 ዶላር ገደማ ነው። ከ8 እስከ 12 ዶላር፣ ወይም "3ቱ በ25" የሚባለው ፎርጅድ ነው፤ ቀይ ጫፉንም ጽሑፉንም ገልብጠውታል። ልዩነቱ ዘንጉ ላይ ይታያል። ኦርጅናሉ ወፍራምና ግትር ነው፤ ፎርጅዱ ሁለተኛውን ዙር ስታጠብቁት እንደ ላስቲክ ማንኪያ ይለመጣል፣ ሦስተኛው ላይ ይሰበራል፣ ወይም ቬልክሮው ይላቀቃል። ደሙ የሚቆመው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያ በሦስተኛው ዙር ነው። ከአምራቹ ሕጋዊ አከፋፋይ ከኖርዝ አሜሪካን ሬስኪው ግዙ። የተለማመዳችሁበትን መኪና ውስጥ ለክፉ ቀን አታስቀምጡ፤ ለልምምድ የተሠራው ሰማያዊው ነው።

ስቴቶስኮፕ ለክፍል 60 ዶላር ገደማ የሆነው ቀላሉ ሊትማን ከበቂ በላይ ነው። ክላሲክ 3 ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ በ40 ዶላር "አዲስ" ከተባለ ተጠራጠሩ። ኦርጅናሉ ደረት ላይ የሚያርፈው ብረት ላይ የተቀረጸ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ዲያፍራሙና የጆሮ ጫፉ ለብቻ ይሸጣል፤ ፎርጅዱ ላይ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ቱቦው በአንገት ቅባት ስለሚደርቅ ከኮሌታ በላይ አንጠልጥሉት።

የደም ግፊት መለኪያ ከ20 እስከ 25 ዶላር ነው። እንደደረሳችሁ ጠርሙስ ላይ ጠቅልላችሁ እስከ 200 ንፉት፤ በደቂቃ ከ4 በላይ ከወረደ አየር ያስወጣል። ችግሩ ከፊኛው ወይም ከቫልቩ ከሆነ በ10 ዶላር ይቀየራል። መርፌው ዜሮ ላይ የማያርፍ ከሆነ ግን መልሱት። የጣት ኦክስጅን መለኪያ አትግዙ፤ ርካሹ ጠይም ቆዳ ላይ ከእውነታው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤም በ2021 ስለዚህ አስጠንቅቋል።

ሲፒአር ካርድ "በ30 ደቂቃ በ20 ዶላር" የሚባለው አሻንጉሊት ላይ ደረት ተጭናችሁ ያልተፈተናችሁበት ስለሆነ አይቀበሉትም። ያገለገለ መማሪያ መጽሐፍም ስትገዙ የኢንተርኔት ኮዱ ተጠቅመውበት ከሆነ ለኮዱ እንደገና ትከፍላላችሁ።

ኢትዮጵያ ለተወለዱ

በልጅነቱ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) የተከተበ ሰው በቆዳ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ ያለ በሽታ ፖዘቲቭ ሊያሳይበት ይችላል። ከዚያ ራጅ፣ ቀጠሮ፣ የተላለፈ ክፍል ይከተላል። ገና ከመጀመሪያው በደም የሚደረገውን፣ ኳንቲፌሮንን ጠይቁ፤ ቢሲጂ አያሳስተውም። የክትባት ወረቀቱ አገር ቤት ከቀረ ለኩፍኝና ለጉድፍ በደም የሚታይ የመከላከያ አቅም ምርመራ ይበቃል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው መንገድ 3 ዙር ሆኖ 6 ወር ይፈጃል፤ በ1 ወር ልዩነት በ2 ዙር የሚያልቅም አለ። በመስከረም ለማመልከት ያሰበ የመጀመሪያውን መርፌ በመጋቢት ይውሰድ።