የደቡብ አፍሪካ ወይን ጠጅ በእኛ ገበታ፦ ነጩ ከቀዩ ይልቃል

በስታዲየም አካባቢ ከሚገኙ የመጠጥ መደብሮች አንዱ በቅርቡ የደቡብ አፍሪካ ነጭና ቀይ ወይን ጠጆችን ለደንበኞቹ አቅምሷል። ቅምሻው ከዶሮ ወጥና ከሸክላ ጥብስ ጋር በመቅረቡ፣ ወይን ጠጆቹ ከራሳችን ምግብ ጋር ምን ያህል እንደሚስማሙ ለመመዘን አመቺ ነበር። በእኔ ሚዛን ነጩ፣ በተለይም ሼኒን ብላንክ፣ በግልጽ ይበልጣል።

ሼኒን ብላንክ በደቡብ አፍሪካ ከሁሉም የወይን ዝርያዎች በስፋት የሚለማ ሲሆን፣ በአገሬው ዘንድ ስቴን በሚል ስምም ይታወቃል። የቀመስኩት ስዋርትላንድ ከተባለው የዚያው አገር ወይን አብቃይ አካባቢ የመጣ ነው። መልኩ ገለባማ ቢጫ ነው፤ ሲያሸቱት የበሰለ ኮክና ጥቂት የማር ሽታ አለው፤ አፍ ሲገባ ግን እንደ ሽታው አይጣፍጥም፣ እንደ ሎሚ ቆንጠጥ የሚያደርግ ጎምዛዛነቱ ይቀድማል። ከዶሮ ወጡ አንድ ጉርሻ በኋላ ሲጎነጩት ይህ ጎምዛዛነት የቅቤውንና የቁሌቱን ቅባት ከአፍ ይጠርገዋል፤ የበርበሬውን ጣዕም ግን አይነካውም። ከዚህ የተሻለ ጥምረት በዚያ ምሽት አላገኘሁም። ሌላው ነጭ፣ ሶቪኞን ብላንክ፣ የተቆረጠ ቃሪያና የእርጥብ ሣር ሽታ ያለው ንጹሕ መጠጥ ነው፤ ለዓሣ ይሆናል፣ በወጥ ፊት ግን ጣዕሙ ይጠፋል።

ከቀዮቹ ዋናው ፒኖታዥ ነበር። ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1925 በስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አብርሃም ፔሮልድ ፒኖ ኗርና ሳንሶ የተባሉ ሁለት የወይን ዝርያዎችን አዳቅለው ያስገኙት ነው። የተቀዳልን ጠርሙስ በመደርደሪያው አናት ላይ፣ አምፖል ሥር ቆሞ የከረመ በመሆኑ ሞቆ ነበር፤ በመጀመሪያ ያሸተትነውም አልኮሉን ብቻ ነው። በረዶ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ሲቀዳ ግን የፕሪምና የጭስ ሽታው ወጣ፣ ከሸክላ ጥብሱም ጋር በሚገባ ተስማማ። ከዶሮ ወጥ ጋር ሲጠጣ ግን የአልኮሉ ብርታት የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ሌላው ቀይ፣ የስቴለንቦሹ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ምላስና ድድን ይበልጥ ስለሚያደርቅ በርበሬ ለበዛበት ምግብ ጭራሽ አልመክረውም።

የመደብሩ ሠራተኞች ስለሚሸጡት ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ጥያቄም አይሰለቻቸውም። ዕውቀታቸው በአቀማመጡ ላይ አለመታየቱ ግን ያሳዝናል፤ ቡሽ ያለው ወይን ጠጅ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ መጋደም አለበት፣ ሙቀትና ብርሃንም ሊርቁት ይገባል።

ለገዢ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ ብዙዎቻችን የሚጠመዘዝ ክዳን ስናይ ርካሽ መጠጥ ይመስለናል፤ የደቡብ አፍሪካ ጥሩ ነጭ ወይን ጠጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሸገው በዚሁ ክዳን ነው፣ ትኩስነቱንም ይጠብቅለታል። ሁለተኛው፣ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት ነው፤ በዚያ አገር ወይን በአብዛኛው የሚለቀመው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ያው ዓመት ከተጻፈበት የአውሮፓ ወይን ጠጅ በግማሽ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ስለዚህ ቀለል ያለ ነጭ ሲገዙ የቅርብ ዓመት የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ቀይ ከሆነ ደግሞ ከመደርደሪያው ሳይሆን መጋዘን ካለው ካርቶን እንዲወጣልዎ ይጠይቁ።