የ95 ሰዓቱን የጡት ማጥባት አማካሪነት ኦንላይን ኮርስ ጨረስኩ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገርና ዝርዝሩ ይከተል። ኮርሱ ጥሩ ነው፣ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ ብዙ ነገር ተምሬበታለሁ። ግን ማስታወቂያው ላይ «ሰርቲፋይድ የጡት ማጥባት አማካሪ ይሁኑ» ብሎ በትልቁ የፃፈው ነገር ሰው ያሳስታል፣ ምክንያቱም ኮርሱን ጨርሳችሁ የምታገኙት የኮርስ ሰርተፊኬት እንጂ የአማካሪነት ሰርተፊኬት አይደለም፣ ሁለቱ በጣም የተለያዩ ናቸው። የኮርሱን ስም አልጠቅስም፣ የምለው ነገር ለአብዛኞቹ ኮርሶች ስለሚሰራ የትኛውንም ስትመርጡ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምፅፈው።

በዓለም ደረጃ የሚታወቀው የጡት ማጥባት አማካሪነት ማዕረግ አይቢሲኤልሲ (IBCLC) የሚባለው ነው፣ የሚሰጠው ደግሞ አይቢኤልሲኢ የሚባል ዓለም አቀፍ የፈታኞች ቦርድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመ። ኮርስ ሻጩ አይሰጣችሁም፣ ቦርዱ ነው የሚሰጠው፣ እሱም ፈተናውን ካለፋችሁ ብቻ። ለፈተናው ለመቀመጥ ደግሞ ሶስት ነገር ማሟላት አለባችሁ፦ የጤና ሳይንስ ትምህርት፣ ስለ ጡት ማጥባት ብቻ የተሰጠ ቢያንስ 95 ሰዓት ትምህርት፣ እና ከእናቶች ጋር የተሰራ የክሊኒካል ሰዓት። ኮርሱ የሚሸፍንላችሁ መሀለኛውን ብቻ ነው። በቃ ነገሩ ይሄው ነው፣ እነሱ ግን ይሄን ገፁ ታች በትንንሽ ፊደል ነው የፃፉት።

የጤና ሳይንሱ ነገር እንደኔ ሚድዋይፍ ለሆነ፣ ወይም ነርስ ወይም ሀኪም ለሆነ ሰው አያስቸግርም፣ ሙያችሁ ቦርዱ ዝርዝር ውስጥ ካለ ያ ተሟልቷል ማለት ነው። ከጤና ውጪ ለመጣ ሰው ግን 14 የትምህርት ዓይነት አለ፣ 8ቱ ኮሌጅ ደረጃ የሚወሰዱ ናቸው፣ ባዮሎጂ፣ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ የህፃናት እድገት፣ ስነ ምግብ፣ ሳይኮሎጂ ምናምን፣ ቀሪዎቹ 6ቱ ደግሞ አጫጭር ስልጠናዎች ናቸው፣ የመጀመሪያ ህይወት ማዳን፣ የህክምና መዝገብ አያያዝ፣ ኢንፌክሽን መከላከል የመሳሰሉት። እዚህ ጋር ጊዜያችሁን አስሉ፣ ኮርሱ ላይ የነበረች አንዲት ሁለት ልጅ ያጠባች እናት ከሌላ ሙያ መጥታ ይሄን የሰማችው ግማሽ ከደረሰች በኋላ ነበር፣ በጣም ነው ያሳዘነችኝ፣ ከመክፈሏ በፊት ሊነግሯት ይገባ ነበር።

ትልቁ ተራራ ግን የክሊኒካል ሰዓቱ ነው። ሶስት መንገድ አለ። አንደኛው መንገድ ለጤና ባለሙያዎችና እውቅና ባለው የአጥቢ እናቶች ድጋፍ ድርጅት ውስጥ ለሚሰሩ ነው፣ 1000 ሰዓት ይጠይቃል፣ ከማመልከታችሁ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ የተሰራ መሆን አለበት። ሁለተኛው እውቅና ያለው የኮሌጅ ወይም የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ገብቶ ነው፣ እዛ 300 ሰዓት በቀጥታ ሱፐርቫይዘር እያየ ይሰራል። ሶስተኛው ራሷ አይቢሲኤልሲ የሆነች ባለሙያ አግኝቶ በሷ ስር 500 ሰዓት መስራት ነው፣ እቅዱን ግን ከመጀመራችሁ በፊት ቦርዱ ማፅደቅ አለበት፣ ሰርታችሁ ስታበቁ ይፅደቅልኝ ብትሉ አይሆንም። ሰዓቱ ሲባል ደግሞ ማዋለጃ ክፍል የቆማችሁበት ሰዓት በሙሉ አይደለም፣ ጡት ማጥባት ላይ ድጋፍ የሰጣችሁበት ነው የሚቆጠረው።

አሁን ወደ ኮርሱ። የወተት አመራረቱ ክፍል በጣም ጎበዝ ነው። ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ወተት ያመርታል፣ ኦክሲቶሲን የሚባለው ደግሞ ያወርዳል የሚለውን ሁላችንም ተምረነዋል፣ እነሱ ግን ከዛ አልፈው እንግዴ ልጁ ሲወጣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ወርዶ ወተቱ በብዛት መምጣት እንደሚጀምር፣ ለዚህም የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማህፀን ውስጥ ከቀረ ወተቱ ሊዘገይ እንደሚችል በኬዝ ያሳያሉ። እናትየው በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ወተቴ አልመጣም ስትል ውሃ ጠጪ ብሎ ከመሸኘት በፊት ስለ ደም መፍሰሷ መጠየቅ እንዳለብኝ እዛ ነው የገባኝ። ጡት ውስጥ ወተት ተጠራቅሞ ሲቆይ ራሱ ምርቱን እንደሚቀንስም ጥሩ አድርገው አስረድተዋል፣ ስለዚህ «ትንሽ ይጠራቀም ብዬ ነው» ለምትል እናት አሁን መልስ አለኝ።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የጡት አያያዝ ቪዲዮዎቹን ነው። ካሜራው በእናትየዋ ትከሻ በኩል ነው የተቀመጠው፣ ማለትም እሷ የምታየውን ነው የምታዩት፣ ህፃኑ አፉን ሲከፍት ቪዲዮው ይቆምና «አሁን ይጉረስ ወይስ ትጠብቅ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። አፉ ገና ግማሽ ነው የተከፈተው፣ አገጩ ከጡቱ ርቋል፣ አፍንጫው ከጡት ጫፉ ትይዩ ነው። መልሱ ትጠብቅ ነው። ከዛ ይቀጥልና አፉን በሰፊው ይከፍታል፣ አገጩ ቀድሞ ይነካል፣ ከታች በኩል ካለው ጥቁር ክፍል ብዙውን ይጎርሳል፣ የታችኛው ከንፈር ወደ ውጪ ይገለበጣል፣ ከዛ መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን ያለ አጠባብ፣ ቀጥሎ ረዘም ያለና የሚዋጥበት ድምፅ የሚሰማ። ያላገጠመውንም ያሳያሉ፣ ጉንጩ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ የጠቅታ ድምፅ ይሰማል፣ ሲለቅ የጡት ጫፉ ተጨፍልቆ ይወጣል። ስንት ዓመት በስራ ላይ ያለ ሰው እንኳን ይሄን ደጋግሞ ማየት አለበት ባይ ነኝ።

የኮሙኒኬሽን ክፍሉ ከ95ቱ 5 ሰዓት ነው፣ ቦርዱ የግድ ያደረገው ነው፣ እኔ ቢጨመርበት ደስ ይለኝ ነበር። እናትን «በደንብ ይጠባል?» ብላችሁ ከጠየቃችኋት የምታገኙት መልስ አዎ ወይም አይ ነው፣ አይ ካለች ደግሞ ጥፋተኛ የሆነች ነው የሚመስላት። «አጠባቡ እንዴት ነው?» ብትሏት ግን ታወራላችኋለች፣ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሳ፣ የቱ ጡት እንደሚያማት፣ ማን ምን እንዳላት። ይሄን በማግስቱ ስራ ቦታ ሞከርኩት፣ አንዷ አራስ ያለማቋረጥ ነው ያወራችኝ፣ የሷ ችግር ወተት ማነስ አልነበረም፣ ህፃኑ ስላለቀሰ ብቻ ወተቴ አይበቃውም ብላ ደምድማ ነበር፣ ዳይፐሩን ስናይ ሽንቱም ሰገራውም በቂ ነው፣ ክብደቱም ጨምሯል።

አንድ ኮከብ የቀነስኩበት ምክንያት እዚህ ጋር ነው። የማስታይተስ፣ ማለትም የጡት ብግነት፣ ሌክቸሩ አሮጌ ነው። ጡቷ ለጠነከረና ለቀላ እናት በደንብ እሽት አድርጊ፣ እስኪያልቅ እለቢ፣ በፓምፕ ጨምሪ እያለ ያስተምራል። የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ፕሮቶኮል ይሄን ቀይሮታል፣ ጠንከር ያለ ማሸት እብጠቱንና የውስጥ ጉዳቱን ያባብሳል፣ ጡቱን ባዶ ለማድረግ ተብሎ ደጋግሞ ማለብ ደግሞ ምርቱን ጨምሮ ችግሩን ያራዝማል፣ ይልቅ ህፃኑ በፈለገ ጊዜ እንዲጠባ ማድረግ፣ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ፣ እብጠት የሚቀንስ መድሃኒት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለሚያስፈልጋት ነው የሚለው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ እናቶች በማሸት ብዛት ጡታቸው በልዞ ሲመጡ አይቻለሁ። ለኮርሱ ሰዎች ፅፌላቸው «በሚቀጥለው እድሳት እናስተካክላለን» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ ስትመዘገቡ ማንኛውንም ኮርስ የማስታይተሱ ክፍል መቼ እንደታደሰ ጠይቁ፣ በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ኮርሱ ሕያው መሆኑን ታውቃላችሁ።

ሌላው ቅሬታዬ ፎቶዎቹ ናቸው። ፈተናው 175 የምርጫ ጥያቄ አለው፣ ሁለት ክፍል ነው፣ የሁለተኛው ክፍል አብዛኞቹ ጥያቄዎች በፎቶ የሚመጡ ናቸው። የኮርሱ ፎቶዎች ግን ከሞላ ጎደል ነጭ ቆዳ ላይ ናቸው። መቅላት በጥቁር ቆዳ ላይ እንደዛ ቦግ ብሎ አይታይም፣ ጠቆር ወይም ወየብ ሊል ይችላል፣ በእጅ ሲነካ መጋሉና መጠንከሩ ነው ቀድሞ የሚናገረው፣ ስለዚህ በነዚህ ፎቶዎች ብቻ የሰለጠነ ሰው ጥቁር እናት ላይ ሊያልፈው ይችላል። አንድ ስላይድ እንኳን ስለዚህ አልነበረም። ይሄ ለኛ እናቶች በጣም የሚገደኝ ነገር ነው።

ክሊኒካል ሰዓቱን በተመለከተ የኮርሱ እርዳታ ዜሮ ነው። ሱፐርቫይዘር የት ላግኝ ብላችሁ ብትጠይቁ የቦርዱን ሊንክ ነው የሚልኩላችሁ። አንዳንድ ፕሮግራሞች አብረው የልምምድ ቦታ ያመቻቻሉ፣ ከቻላችሁ የኮርሱን ዋጋ ሳይሆን ይሄን አስቀድሙ፣ ትምህርቱን ከየትም ታገኙታላችሁ፣ አጠገባችሁ ቆሞ እጃችሁን የሚያይ ሰው ግን ብርቅ ነው።

ሁሉም ሰው ደግሞ አይቢሲኤልሲ መሆን የለበትም፣ ይሄንንም ማስታወቂያው አይነግራችሁም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የማዋለጃ ክፍል ሰራተኞችን የሚያሰለጥኑበት የ20 ሰዓት ኮርስ አላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ከተጀመረው ለህፃናት ተስማሚ ሆስፒታል ከሚባለው ፕሮግራም ጋር የተያያዘ፣ እና የምክር አሰጣጥ ላይ የሚያተኩር የ40 ሰዓት ኮርስም አለ። ከዛ ዝቅ ብሎ እናት ለእናት የሚደጋገፉበት የአቻ አማካሪነት ስልጠና አለ፣ ላ ሌቼ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ እናቶችን በእናቶች ሲያግዝ የኖረ ድርጅት ነው። ጎረቤቶቿንና እህቶቿን መርዳት ለምትፈልግ እናት 1000 ሰዓት መቁጠር አያስፈልጋትም፣ አቻ አማካሪነቱ ይበቃታል። ምላሱ የታሰረ ህፃን፣ መንትያ፣ ያለ ቀኑ የተወለደ፣ ጡቷን ኦፕራሲዮን የሆነች እናት፣ እንደዚህ የተወሳሰበውን ለመያዝ የምትፈልጉ ግን እስከ ጫፍ ሂዱበት።

ኮርሱን ማን ስፖንሰር እንዳደረገውም እዩ። የዱቄት ወተት፣ ጡጦ ወይም የጡጦ ጫፍ የሚሸጥ ኩባንያ ያዘጋጀው ወይም ገንዘብ ያስገባበት ከሆነ ራቁ፣ የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 ያፀደቀው የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ሽያጭ ደንብ የወጣው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ነፃ ሰርተፊኬት ሲባል ብዙ ሰው ሮጦ ይገባል፣ ስላይዱ ጥግ ላይ ሎጎ ካያችሁ ግን ውጡ። የኔው ኮርስ በዚህ በኩል ንፁህ ነበር፣ አመሰግናቸዋለሁ።

ማዕረጉ ከተገኘ በኋላም ዕድሜ ልክ አይደለም፣ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል፣ 75 ሰርፕ የሚባል የትምህርት ነጥብ ሰብስቦ ወይም ፈተናውን እንደገና ወስዶ፣ በሁለቱም መንገድ 250 ሰዓት ሙያው ላይ መስራትና የህይወት ማዳን ስልጠና መውሰድ አለ። 95 ሰዓቱ ራሱም ከማመልከቻው በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ የተወሰደ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ክሊኒካል ሰዓታችሁ ገና ሩቅ ከሆነ ኮርሱን ዛሬ ገዝታችሁ አታቃጥሉት። ፈተናው በዓመት ሁለቴ ነው፣ ሚያዝያና መስከረም አካባቢ፣ ማመልከቻው ግን ከዛ ብዙ ቀደም ብሎ ነው የሚዘጋው። የፈተናው ክፍያ እንደየሀገሩ ደረጃ ይለያያል፣ የሀገራችሁን ደረጃ ከቦርዱ ገፅ ላይ እዩ፣ ኮርስ ሻጩ የፃፈውን አትመኑ።

ሰዓታችሁን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ መዝግቡ፣ ቀኑን፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ምን እንደሰራችሁ፣ የእናትየዋን ስም ሳትፅፉ። እኔ ደብተር ላይ ነው የምፅፈው፣ ፈረቃዬ ሲያልቅ ልብሴን ሳልቀይር። የሞላሁበትን ፎርማት የምትፈልጉ ኮሜንት ላይ ፃፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።