የመኪናችሁ ኤሲ ከሸተተ ጋዝ አትሙሉ

መስከረም ላይ አገር ቤት የሚገባ ሰው የሚናፍቀው ዝናብ የጠጣ አፈርና የባህር ዛፍ ሽታ ነው። ክረምቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመ የቤተሰብ ኮሮላ ሲነሳ ግን ከአየር ማውጫው የሚመጣው ሳይደርቅ የታጠፈ ልብስ ሽታ ነው። ለዚሁ ችግር አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ጋራዥ ሄጃለሁ። ለእረፍት የምትመጡ ሁሉ የመጀመሪያው ዓይነት እንዳያጋጥማችሁ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ጠዋት ሦስት ሰዓት የገባ መኪና ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣ። ሂሳቡ ጋዝ መሙላት 4,500 ብር፣ «የኮምፕረሰር ሰርቪስ» (ጋዙን የሚጨምቀው ፓምፕ ነው) 6,000 ብር፣ «ኤሲ ማጠብ» 2,500 ብር፣ በድምሩ 13,000 ብር፤ ደረሰኝም የለም። ኤሲው እኮ ሲገባም በደንብ ያቀዘቅዝ ነበር! በደንብ የሚያቀዘቅዝ ኤሲ ጋዙ አላለቀም። ጋዙ የሚዞረው በታሸገ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ከምትተነፍሱት አየር ጋር አይገናኝም፤ እሱን መሙላት ሽታ ሊያጠፋ አይችልም። እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። መኪናው ስንት ግራም እንደሚወስድ ኮፈኑ ስር ያለው ተለጣፊ ላይ ተጽፏል፤ ያለው ወጥቶ ሳይመዘን በላዩ ላይ ከተጨመረበት ግፊቱ ከልክ ያልፍና ኮምፕረሰሩን ይጎዳል። «ታጠበ» የተባለውም በአየር ማውጫዎቹ የተነፋ የቫኒላ ሽቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሻጋታውና ቫኒላው ተደባልቀው ሲመጡ መስኮት ዘግቶ መሄድ የማይቻል ሆነ። ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን ፊልተር የነካው ሰው አልነበረም።

ሽታው የሚፈጠረው ኢቫፖሬተሩ ላይ ነው። ዳሽቦርዱ ውስጥ የተደበቀ፣ ትንሽ ራዲያተር የሚመስል ዕቃ ነው። ሲቀዘቅዝ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ውሃ ይሆንና በቀጭን ቱቦ መኪናው ስር ይንጠባጠባል። አቧራና የቅጠል ብናኝ ሲለጠፍበት ሻጋታና ባክቴሪያ ያፈራል። የአዲስ አበባ መኪና ላይ የሚብሰው፣ ጭስና አቧራ ሽሽት የውስጥ አየር ማዞሪያው ቀኑን ሙሉ ተጭኖ ስለሚውልና ኤሲው የመስታወቱን ጉም እስኪያጠፋ ብቻ ተከፍቶ ስለሚዘጋ ነው፤ ኢቫፖሬተሩ እንደረጠበ ይታፈናል። ቨርጂኒያ ብዙ ሰው ፊልተሩን ከመደብር ገዝቶ ግቢው ውስጥ ራሱ ይቀይራል። አዲስ አበባም ሥራው ያው ነው፣ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጋራዥ ያለው ልጅ ከምንም በፊት የጋቢናውን ሞኬት በመዳፉ ተጫነው። ደረቅ መሆኑን ሲያይ ኤሲውን ከፍቶ ከመኪናው ስር ውሃ ይንጠባጠብ እንደሆነ አየ። ሞኬቱ ርሶ ስር ምንም ካልወረደ ቱቦው ተደፍኗል ማለት ነው፤ ከታች በለስላሳ ሽቦ ወይም በቀስታ በሚነፋ አየር ይከፈታል። በኃይል ከተነፋ ቱቦው ከውስጥ ይነቀልና ውሃው በሙሉ ወደ ጋቢና ይፈሳል።

ከዚያ ከጋቢናው ፊት ያለውን ሳጥን ጎንና ጎኑን ጨምቆ አወረደና ፊልተሩን አወጣው። ነጭ መሆን የነበረበት ወረቀት እንደ ምጣድ ጥላሸት ጠቁሯል፤ እጥፋቶቹ መሃል የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ተሰክቷል፣ አንዱን ጥግ አይጥ በልታዋለች። አሳይቶኝ ነው የጣለው። አንዳንድ አሮጌ መኪና ላይ ቦታው እንጂ ፊልተሩ የለም፣ ስለዚህ «ተቀይሯል» ስትባሉ አሮጌውን ጠይቁ።

የኢቫፖሬተር ማጠቢያ አረፋው የሚገባው ሞተርና ማራገቢያው ጠፍተው፣ ፊልተሩ በወጣበት ክፍት በኩል፣ ረጅም ቀጭን ቱቦ ኢቫፖሬተሩ ድረስ ተሰዶ ነው። አንድ ጣሳ ይበቃል። 20 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ቆሻሻውን ይዞ በውሃ መውጫው ይወርዳል፤ የእኛው እንደ ወፍራም ሻይ ነበር። ቀጥሎ ኤሲው ጠፍቶ፣ ሙቀቱ መጨረሻ ላይ፣ አየሩ ከውጭ እንዲገባ ተደርጎ፣ መስኮት ተከፍቶ ማራገቢያው 15 ደቂቃ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። አዲሱ ፊልተር የሚገባው ሁሉም ከደረቀ በኋላ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ቀስት የአየሩን አቅጣጫ ያሳያል። በረኪና ልርጭ የሚል ካለ አትፍቀዱ፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ትነቱም ሳንባ ይጎዳል፣ በተለይ አስም ያለበት ሰው ካለ።

ከፊት መስታወቱ ሥር በውጭ በኩል ያለውን፣ ቅጠል የሚጠራቀምበትን ጉድጓድም ሳይጠየቅ ጠረገው። ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ፊልተሩን ጨምሮ 3,800 ብር፣ ከደረሰኝ ጋር። ስንወጣ «ቤት ልትደርሱ አምስት ደቂቃ ሲቀር ኤሲውን አጥፉና ማራገቢያውን ተዉት» አለን፤ ኢቫፖሬተሩ ደርቆ እንዲያድር ነው።

ሽታው ጣፋጭ ከሆነና መስታወቱ ከውስጥ ቅባት ቅባት ካለው ሻጋታ አይደለም፣ የራዲያተሩ ውሃ ከጋቢናው ማሞቂያ እየፈሰሰ ነው፤ ሌላ ሥራ ነው። ሁሉም በትክክል ተሠርቶ በሳምንቱ ሽታው ከተመለሰ ደግሞ ሞኬቱ ስር ያለው ስፖንጅ ውሃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ወንበሩ ተፈትቶ፣ ሞኬቱ ተነስቶ ቢያንስ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል።