ስፒድማስተር ለሚገዙ፦ 1861 ወይስ 3861 ማሽን?

የኦሜጋ ስፒድማስተር የእጅ ሰዓት ውስጥ የሚገኙት ሁለቱ ማሽኖች (1861 እና 3861) ከሩቅ መንታ ይመስላሉ፤ በእጅ ይሞላሉ፣ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታሉ፣ ቀን አያሳዩም። (ቀን ባለመኖሩ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ቢያስተካክሉትም የሚዛባ ነገር የለም።) ቅርብ ሆነው በሰዓቱ ፊት ጠርዝ ያለውን የሰከንድ መስመር ይዩ፤ በ1861 አንዱ ሰከንድ በአምስት፣ በ3861 በሦስት ተከፍሏል። 1861 የቀድሞው 861 ማሽን (በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው) ልጅ ነው፤ 3861 ወደ መደበኛው ሞዴል የገባው በ2021 ነው።

ዋናው ልዩነት ማግኔት ነው። የ1861 ጥምዝ ሞላ (የሰዓቱን ምት የሚመጥነው ቀጭን ሽቦ) ብረት ስለሆነ፣ ከማግኔታም የስልክ መያዣ ወይም ከድምፅ ማጉያ አጠገብ ካደረ ጥምዞቹ ይጣበቃሉ፤ ሞላው እንዳጠረ ይሆንና ሰዓቱ በቀን በደቂቃዎች ይቀድማል። ከማስከፈትዎ በፊት ኮምፓስ ያስጠጉበት፤ መርፌው ከተወዛወዘ ማግኔቱን ማስለቀቅ የሰከንዶች ሥራ ነው። የ3861 ሞላ ግን ሲሊከን ነው፤ 15,000 ጋውስ (የማግኔት ኃይል መለኪያ) ይችላል፣ በቀን ከ0 እስከ 5 ሰከንድ ብቻ እንዲቀድም ተፈትኗል። መሙያውን ሲስቡት ሰከንድ ቆጣሪው ይቆማል፤ የ1861 ዝም ብሎ ይሄዳል። አንዴ ተሞልቶ 48 ሰዓት ወይስ 50 መሄዱ ግን ገንዘብ የሚያስጨምር አይደለም።

ጥገና ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። 1861ን መካኒካል ክሮኖግራፍ (እንደ ሩጫ ሰዓት ጊዜ የሚለካ ክፍል ያለው ሰዓት) የሚያውቅ ሰዓት ሠሪ ሁሉ ያውቀዋል። 3861 ኮአክሲያል (ምቱን የሚያስተላልፈው ክፍል ለየት ያለ) ስለሆነ ልዩ ቅባትና መሣሪያ ይፈልጋል፤ ከባሕር ዳር ውጭ መላክዎ አይቀርም። ስለዚህ 3861 የምንመክረው የ5 ዓመት ዋስትናው ብዙ ሲቀረው ነው፤ ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ይዩ።

ያገለገለ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይሙሉትና ክሮኖግራፉን አስነስተው ግማሽ ሰዓት ያስኬዱት። ሲነሳ ቆጣሪው ትንሽ ቢዘል ችግር የለም፤ ጥርሶቹ በጎን ስለሚገናኙ ነው። ሲመልሱት ግን ሦስቱም ቆጣሪዎች ልክ ዜሮ ላይ ካላረፉ፣ ወይም ክሮኖግራፉ እየሄደ ሰዓቱ ከቆመ፣ ቅባቱ ደርቋል ወይም ቆጣሪው ላልቷል፤ የጥገናውን ዋጋ ከግዢው ያስቀንሱ። ጀርባው መስታወት የሆነ አሮጌ ስፒድማስተር ደግሞ «1861 ነው» ከተባለ ይጠርጥሩ፤ እዚያ ሊታይ የሚገባው 1863፣ ለእይታ ያማረው የ1861 ወንድም ነው።

ሁለቱም 50 ሜትር ውኃ ይችላሉ ቢባልም፣ ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሄዱ ለሚረጭ ውኃ እንጂ ጣና ውስጥ የክሮኖግራፉን ቁልፍ ለመጫን አይደለም።