በእንግሊዝና በዌልስ የፍላት ሊዝ፦ በሕግ ማራዘም፣ በስምምነት ማራዘም ወይስ ፍሪሆልዱን መግዛት?

አዲስ አበባ ውስጥ ሊዝ ሲባል መሬቱን የሚሰጠው መንግሥት ነው። ለንደን ውስጥ ፍላት የገዛ ሰው ግን ሊዙን የያዘው ከፍሪሆልደሩ፣ ማለትም ከሕንፃውና ከመሬቱ ባለቤት ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የግል ኩባንያ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የቀረዎትን ዓመት ይቁጠሩ። ሊዙ ከመቼ ጀምሮ ለስንት ዓመት እንደተሰጠ የላንድ ሬጅስትሪ (የመሬት መዝገብ ቤት) ሰነድዎ ላይ ተጽፏል።

ወሳኙ ቁጥር 80 ነው። የቀረው 80 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ሊዙ በመራዘሙ ከሚፈጠረው ተጨማሪ ዋጋ፣ ሜሬጅ ቫልዩ ከሚሉት፣ ግማሹን ለፍሪሆልደሩ ይከፍላሉ። የሚታየው ሊዙ እንዲራዘም የሚጠይቀው ማሳወቂያ ለፍሪሆልደሩ የተሰጠበት ቀን ነው፤ 80 ዓመት ከ2 ወር የቀረው ሰው ዛሬ ማሳወቂያ ከሰጠ ድርድሩ ዓመት ቢፈጅም ከዚህ ክፍያ ይድናል። የ2024ቱ ሕግ ይህን ክፍያ ለማስቀረትና ማራዘሚያውን 990 ዓመት ለማድረግ ቢወጣም፣ በ2025 እነዚህ ክፍሎቹ ገና ሥራ ላይ አልዋሉም ነበር። የተጀመረው ሌላ ነው፦ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ወዲህ ለማራዘም ሁለት ዓመት ባለቤት ሆኖ መቆየት አያስፈልግም።

በሕግ ማራዘም። በ1993ቱ ሕግ መሠረት በቀረዎት ላይ 90 ዓመት ይጨመራል፣ ግራውንድ ሬንትም (ለፍሪሆልደሩ የሚከፈለው የመሬት ኪራይ) ዜሮ ይሆናል። መጀመሪያ ቫልዩዌር ዋጋውን ይገምታል፤ ከዚያ ሶሊሲተሩ (ጠበቃዎ) የአንቀጽ 42 ማሳወቂያ፣ ማለትም ያንኑ የማራዘሚያ ጥያቄ፣ ይልካል። ፍሪሆልደሩ ለመልስ ቢያንስ 2 ወር አለው፤ ባቀረቡት ዋጋ 10 በመቶ ወይም 250 ፓውንድ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ በመያዣ ሊጠይቅዎት ይችላል። የእሱን ተገቢ የጠበቃና የግምት ወጪም የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ከመልሱ በኋላ ነው። በዋጋ ካልተስማማችሁ፣ መልሱ ከደረሰ ከ2 ወር በኋላና 6 ወር ሳይሞላ ክርክሩን ለሚዳኘው ትሪቡናል ማመልከት ግዴታ ነው። በኢሜይል የሚደረገው ድርድር ጥሩ እየሄደ ሲመስል ቀኑ ሳይታወቅ ያልፋል። ያን ጊዜ ማሳወቂያው እንደተሰረዘ ይቆጠራል፣ ወጪው ይቀራል፣ ለ12 ወር እንደገና መጀመርም አይቻልም። በዚያው መሃል ሊዙ ከ80 በታች ከወረደ ጉዳቱ በሺዎች ፓውንድ ይቆጠራል።

በስምምነት ማራዘም። ፈጣንና ርካሽ ይመስላል፤ ግን ፍሪሆልደሩ በፈለገው ሰዓት መተው ይችላል፣ የሚያስገድደው ቀንም የለም። «125 ዓመት እንሰጥዎታለን» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ከዛሬ የሚቆጠር መሆኑን ያጣሩ፤ 78 ዓመት ለቀረው ሰው የተጨመረው 47 ብቻ ነው። ከጁን 30 ቀን 2022 ወዲህ ግራውንድ ሬንት በተጨመሩት ዓመታት ዜሮ መሆን ቢኖርበትም፣ በአሮጌው ሊዝ ቀሪ ዓመታት ግን ሊቀጥል ይችላል። ይህን መንገድ የምንመክረው ሊዙ ገና ረጅም ለሆነና ውሉ ከሕጉ ጋር እኩል ለሆነለት ሰው ብቻ ነው።

ፍሪሆልዱን በጋራ መግዛት። ቢያንስ የፍላቶቹ ግማሽ መሳተፍ አለባቸው፤ ሕንፃው ሁለት ፍላት ብቻ ካለው ሁለቱም። ከገዛችሁ በኋላ ለራሳችሁ የ999 ዓመት ሊዝ መስጠት ትችላላችሁ፤ ጣሪያው፣ ኢንሹራንሱና የሰርቪስ ቻርጅ (የሕንፃው የጋራ ወጪ ክፍያ) አሰባሰቡም የእናንተ ኃላፊነት ይሆናል። ሦስትና አራት ፍላት ባለው ቤት ጎረቤቶች ከተግባቡ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። ማሳወቂያው ከመላኩ በፊት ግን የተሳታፊዎች ውል ይፈረም፤ አንድ ጎረቤት መሃል ላይ ሲወጣ ወጪው በቀሩት ላይ ይወድቃል።

ጠበቃ ሲመርጡ። ቤት ሲገዙ የረዳዎት ኮንቬየንሰር ለስምምነቱ መንገድ ሊበቃ ይችላል፤ ለአንቀጽ 42ና ለጋራ ግዢ ግን በዚሁ ሥራ የተካነ ሶሊሲተር ይያዙ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ማሳወቂያ ይልካሉ? የ6 ወሩን ቀን የሚከታተለው ማነው? የነገሩኝ ዋጋ ትሪቡናልን ይጨምራል? ቫልዩዌሩ የሪክስ (የንብረት ገማቾች የሙያ ማኅበር) አባል ይሁን። ፍሪሆልደሩ የጠቆመዎትን ጠበቃ አይያዙ። ከመክፈልዎ በፊት በመንግሥት የሚደገፈው ሊዝሆልድ አድቫይዘሪ ሰርቪስ ነፃ ምክር ይሰጣል። ሞርጌጅ ካለብዎት ባንኩ ገና ከመጀመሪያው ይወቅ፤ በስምምነቱ መንገድ ያለ ባንኩ ፈቃድ አዲሱ ሊዝ ሊመዘገብልዎት ያስቸግራል።