የለንደን አየር አምቡላንስ፦ ከሄሊኮፕተሩ ይልቅ ሐኪሞቹ

ለንደን የምንኖር ሁላችን ቀዩን ሄሊኮፕተር እናውቀዋለን። በላያችን ሲያልፍ ልጆች ቀና ብለው ያዩታል፣ እናቶች ያማትባሉ። እኔ ግን ይህን አስተያየት የምጽፈው ሄሊኮፕተሩ ስላልመጣበት ምሽት ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በሞተር ሳይክል ምግብ ሲያደርስ ሊ ብሪጅ መንገድ ላይ በጭነት መኪና ተገጨ። የአየር አምቡላንሱ ሰዎች የደረሱለት በመኪና ነው። ሄሊኮፕተሩ በቀን ይበርራል፤ ሲመሽ ሐኪሙና ፓራሜዲኩ (የአምቡላንስ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያው) ያንኑ መሣሪያ፣ ያንኑ መድኃኒት ይዘው በፈጣን መኪና ይወጣሉ።

አዲስ አበባ ሳለሁ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበርኩ። በታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፈው፣ እጅና እግራቸውን ሰው ይዞላቸው የሚገቡ ቁስለኞችን ተቀብያለሁ። የሚያመጧቸው ሰዎች ደጎች ናቸው፤ ደግነት ብቻውን ግን የተሰበረ አንገት ቀጥ አድርጎ አይዝም፣ ደምም አያቆምም። ስለዚህ ከፖሊሱ ገመድ ወዲህ ቆሜ የሐኪሞቹን እጅ ነበር የምከታተለው።

በመጀመሪያ ቦታ አመቻቹ። ቀድሞ የደረሰው የአምቡላንስ ቡድን ኦክስጅን ሰጥቶት ነበር። ብርቱካንማ ልብስ የለበሰችው ሐኪም ቃሬዛውን ከመኪኖቹ መካከል አስወጥታ በአራቱም ጎን ሰው ሊቆም ወደሚችልበት ገላጣ ቦታ፣ መብራት ስር አስደረገችው። ፓራሜዲኩ ጨርቅ ዘርግቶ ቱቦውን፣ ምራቅና ደም መምጠጫውን፣ መድኃኒት የተሞሉትን መርፌዎች በየቦታቸው ደረደረ። ከዚያ ካርድ አውጥቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ እርሷ በእያንዳንዱ መስመር ትመልሳለች። ኦክስጅን? አለ። ተለዋጭ ቱቦ? አለ። ቱቦው አልገባ ቢል ምን እናደርጋለን? እርሱም መልስ ነበረው፤ በዙሪያው የቆመው ሁሉ ሰማ። ጎማ በተቃጠለበትና መስታወት በተበተነበት አስፋልት ላይ እንዲህ ያለ ሥርዓት አይቼ አላውቅም። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልሮጠም።

ባለቤቴ ግን «ሆስፒታሉ እኮ ሩቅ አይደለም፣ ለምን አይወስዱትም?» እያለ እጄን ይጨምቅ ነበር። ማንኛውም ቤተሰብ ይህን ይጠይቃል፤ መልሱም ሊታወቅ ይገባል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አንጎሉ መጀመሪያ በግጭቱ ይጎዳል፤ ቀጥሎ ደግሞ በኦክስጅን እጥረትና በደም ግፊት መውረድ። የመጀመሪያውን ጉዳት ማንም አይመልሰውም። ሁለተኛውን መከላከል ይቻላል፤ ግን ጊዜ አይሰጥም። ልጁ እየተወራጨ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር። ስለዚህ እዚያው ሙሉ ሰመመን ሰጥተው፣ የአየር ቧንቧው ውስጥ ቱቦ አስገብተው፣ አተነፋፈሱን በማሽን ተቆጣጠሩት። ዳሌውን በሰፊ ቀበቶ አጥብቀው አሰሩ፤ የተሰበረ ዳሌ ከውጭ ሳይታይ ወደ ውስጥ ብዙ ደም ያፈስሳልና። ከቀዝቃዛ ሳጥን ደም አውጥተው፣ አሙቀው ሰጡት። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው ከቀዶ ሕክምና ክፍል በር ወዲያ ነበር። ሐኪሟ አምቡላንሱ ውስጥ አብራው ገብታ ኋይትቻፕል የሚገኘው ሮያል ለንደን ሆስፒታል ድረስ አልተለየችውም።

የለንደን አየር አምቡላንስ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጀመር ዓላማው ይኸው ነበር፤ ሐኪሙን ወደ ቁስለኛው መውሰድ። በ1993 በስለት የተወጋ ሰው ደረት ከሆስፒታል ውጭ ተከፍቶ ነፍሱ የተረፈው በእነርሱ እጅ ነው። በ2012 ከብሪታኒያ የአየር አምቡላንሶች ቀድመው ደም መያዝ ጀመሩ። በ2014 ደግሞ ዋናውን የደም ሥር ከውስጥ በፊኛ ዘግተው ከወገብ በታች የሚፈስሰውን ደም የሚገቱበትን ዘዴ ከሆስፒታል ውጭ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቀሙ። ሐኪሞቹን የባርትስ ሆስፒታሎች፣ ፓራሜዲኮቹን የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት ይሰጣቸዋል።

የማልቀበለው አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚኖረው በሕዝብ መዋጮ ነው። በ2024 ሁለቱን ሄሊኮፕተሮች ለመተካት 15 ሚሊዮን ፓውንድ ልመና ወጥተው ነው የሰበሰቡት። ታካሚው አንድ ሳንቲም አይከፍልም፤ ይህ ያኮራል። ነገር ግን ግብር የሚከፍል የዚህ ከተማ ሕዝብ እንዲህ ያለውን አገልግሎት በቆርቆሮ ሳጥን ሳንቲም ማቆየት የለበትም ባይ ነኝ። እስኪስተካከል ድረስ እኛ ቤት በየወሩ እንሰጣለን።

ሞተር ሳይክል ለምትነዱ ወንድሞቼ፦ እነርሱን በቀጥታ መጥራት አይቻልም። 999 ይደወላል፤ ጥሪ መቀበያው ክፍል ውስጥ የእነርሱ ፓራሜዲክ ተቀምጦ ለማን እንደሚያስፈልጉ ይመርጣል። ከሁለት ፎቅ በላይ ከፍታ የወደቀ ወይም ባቡር ስር የገባ ሰው ከሆነ ወዲያው ይወጣሉ። ስለዚህ ደዋዩ ያየውን በትክክል ይናገር፤ ሰውየው ይተነፍሳል ወይ፣ ይናገራል ወይ፣ ደም ከየት ይፈስሳል። ቁስለኛውን አንስታችሁ መኪና ውስጥ አትክተቱት።

አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «እኛ ሄሊኮፕተር ከየት እናመጣለን?» ይሉኛል። እኔ የማወራው ስለ መኪናው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በየክልሉ ሰመመን የሚሰጡ፣ ቱቦ የሚያስገቡ የአንስቴዢያ ባለሙያዎች አሉ። ጠብታ አምቡላንስን እ.ኤ.አ. በ2008 የመሠረተው ክብረት አበበ ራሱ የአንስቴዢያ ባለሙያ ነው፤ ቤቱን ሸጦ አምቡላንስ ገዛ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ያሠለጥናል። እነዚህን ሰዎች ከሕንፃ አውጥቶ፣ የሚነበብ ካርድና የተዘጋጀ ቦርሳ ይዘው፣ ከአዲስ አበባ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ማቆም ይቻላል። የደም አቅርቦቱ ይከብዳል፤ የዳሌ ቀበቶውና የአየር ቧንቧ ውስጥ ቱቦ ማስገባቱ ግን ዛሬ ሊጀመሩ ይችላሉ።

ድርጅቱ ከአደጋው በኋላ ታካሚውንና ቤተሰቡን የምትከታተል ነርስም አለችው። አልጋው ድረስ መጥታ የሆነውን አስረዳችን፤ ልጁ ሲሻለው አስፋልት ላይ ካከሙት ሰዎች ጋር አገናኘችው። እርሱ ምንም ስለማያስታውስ የጠየቃቸውን ሁሉ ታግሠው መለሱለት። ይህን ብዙ ቤተሰብ ስለማያውቀው፣ ሰው ተጎድቶባችሁ ሆስፒታል ስትቀመጡ ነርሷን ጠይቁ።