የሞተሬን ታርጋ በጽኑ ላሰረልኝ የይርጋለም ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ አራት ወር ያህል ታግሻለሁ። የታገስኩትም ሥራው በክረምቱ ጭቃና በኮረኮንቹ መንገድ ተፈትኖ እስኪታይ ነው፤ ከዚህ በፊት ቸኩዬ ያመሰገንኩት ሰው በሳምንቱ አሳፍሮኛልና።

በሲዳማ ክልል ከብቶችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የማዳቀል ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤቴን ሞተር ሳይክል እየነዳሁ፣ የኮርማ ዘር በቅዝቃዜ የሚቆይበትን ፈሳሽ ናይትሮጅን የያዘ ዕቃ ከኋላዬ ጭኜ ከቀበሌ ቀበሌ እዞራለሁ። ሥራችን የሰዓት ሥራ ነው። ጠዋት የኮርማ ፍላጎት ያሳየች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ያሳየች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ያ ሰዓት ካለፈ ገበሬው ሌላ 21 ቀን ገደማ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ እስከዚያው ላሚቱን እየቀለበ ይቆያል፣ የመውለጃዋ ጊዜ ይገፋል፣ የልጆቹም ወተት አብሮ ይዘገያል።

መኪና ከፊትም ከኋላም ታርጋ አለው። ሞተር ሳይክል ግን ያለው አንድ ታርጋ ብቻ ነው፤ እርሱም በኋላው ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ ስለሚታሰር ጎማው የሚረግጠው ድንጋይ ሁሉ የሚያናውጠው እርሱን ነው። ብሎኑ በንዝረት ይላላል፣ የላላው ታርጋ ይርገበገባል፣ በተርገበገበ ቁጥርም ቀዳዳው እየሰፋ በመጨረሻ ይቀደዳል።

የእኔው ታርጋ መርገብገብ ሲጀምር በየተራ ሦስት ቦታ ወሰድኩት። የመጀመሪያው ሰው ከሞተሩ ላይ እንኳ ሳያስወርደኝ በሽቦ ጠፍሮ ሸኘኝ፤ ሽቦው ቆርቆሮውን እንደ መጋዝ ይበላው ጀመር። ሁለተኛው የቁጥሩን ጫፍ የሚነካ አዲስ ቀዳዳ በትራፓኖ በሳበት፤ የታርጋ ቁጥር በግልጽ መነበብ እንዳለበት ስነግረው መልስ ሳይሰጠኝ ሂሳቡን ጠየቀኝ። ሦስተኛው ጋ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ብሎኑን ያለ ልክ አጥብቆ ታርጋውን ከጠርዙ ሰነጠቀውና፣ «ሞተሩ እስከሄደልሽ ድረስ ታርጋው ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ገንዘብ ተቀብሎ ሥራ ማበላሸት አንድ በደል ነው፤ የተበደለውን ሰው ጭንቀት ማናናቅ ግን ከዚያም ይከፋል።

ከዚያ በአምስተኛው ቀን ከሁላ ወረዳ ስመለስ ታርጋው ወደቀ። መውደቁን ያወቅሁት የትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመኝ ነው። ታርጋ የሌለው ሞተር ምን ሲሠራበት እንደዋለ ማን ያውቃል? ስለዚህ አላሳልፍም ማለቱን አልወቅሰውም፤ ሥራውን ነው የሠራው። ሞተሩን እዚያው ትቼ የመጣሁበትን መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። ታርጋውን አንድ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ከእንሰት ማሳ ዳር አንስቶ፣ ባለቤቱ ይመጣል ብሎ ይዞት ቆሞ አገኘሁት። እርሱንም እግዚአብሔር ያሳድገው። ይሁን እንጂ መሽቶ ነበር፤ ያን ቀን ስትጠብቀኝ የነበረችው ላም ደግሞ የአንዲት አረጋዊት እናት ብቸኛ ላም ነበረች። ደውዬ ስነግራቸው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ብቻ አንቺ ደህና ሁኚ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ይርጋለም ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲወርዱ በስተግራ ካሉት ብየዳ ቤቶች ወደ ሦስተኛው የገባሁት ተስፋ ቆርጬ ነው። ከእኔ በፊት አራት ሰዎች ተራ ይዘዋል። ወጣቱ በያጅ የናይትሮጅኑን ዕቃ አይቶ ምንነቱን ጠየቀኝ። ስነግረው ወደ ባለተራዎቹ ዞሮ፣ «ወንድሞቼ፣ ይህችን እህቴን ላም እየጠበቀቻት ነው፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ ላስቀድማት» አላቸው። አንድም ሰው አልተቃወመም።

ቀጥሎ ያደረገው ሦስቱም ያላደረጉትን ነው፤ መሬት ላይ ተንበርክኮ ከፓራፋንጎው ሥር ተመለከተ። ጠርቶም አሳየኝ። ብሎኖቹ የሚገቡበት ብረት ራሱ ተሰንጥቆ በአንድ ጎኑ ብቻ ተንጠልጥሏል። ለካስ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ሲያጠብቁ የኖሩት በተሰበረ ብረት ላይ ነው!

የሥራውን ዝርዝር ለባለሙያዎች እተወዋለሁ። እኔ ያየሁት ብረቱን ፈትቶ መበየዱን፣ በታርጋው ልክ ላሜራ ቆርጦ ከጀርባው መደገፉን፣ በመካከላቸውም ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ ማድረጉን ነው። አዲስ ቀዳዳ አልበሳም። የተጣመመውንም ታርጋ ቀለሙ እንዳይላጥ በሁለት ጣውላ መካከል አድርጎ በቀስታ አቃናው።

ያበቃ መስሎኝ ቦርሳዬን ስከፍት፣ «ገንዘቡ ይቆይ፤ መጀመሪያ ኮብልስቶኑ ላይ ነድተሽው ነይ» አለኝ። ስመለስ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በቁልፍ ፈተሸ፣ አንዱን ጥቂት አጠበቀ፣ ከዚያም ታርጋውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሞተሩ እስኪወዛወዝ ድረስ ነቀነቀው። ታርጋው ከቦታው አልተነቃነቀም። በሳምንቱ ተመልሼ እንዳሳየው አዘዘኝ፤ ሄድኩ፣ ደግሞ ፈተሸው፣ ለዚያም አላስከፈለኝም። የተቀበለኝ ዋጋ ለሦስቱ በድምሩ ከከፈልኩት ያነሰ ነው።

እነሆ ክረምቱን ሙሉ ያንኑ መንገድ ስመላለስ ታርጋው አንድ ቀን እንኳ ድምፅ አላሰማም። የእኒያ እናት ላም በቀጣዩ ዙር በሰዓቷ ተዳቅላለች፤ ባለፈው ሳምንት መርምሬ መያዟን ሳበሥራቸው ስለ በያጁ ነገርኳቸውና ላሚቱ ስትወልድ ከመጀመሪያው እርጎ ድርሻውን እንዳደርስለት አደራ ብለውኛል።

ሞተር የምትነዱ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች፣ ዕቃ የምታደርሱ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ታርጋችሁን በእጃችሁ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ይህን ልጅ ሳታሳዩ አትደሩ፤ ብሎኑን ብቻ ሳይሆን የታሰረበትንም ብረት አይቶ ይሠራላችኋል። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ትቼዋለሁ። በማለዳ ብትሄዱ ተራ አይበዛባችሁም፤ ስትደርሱም የላሟ እህትህ ሰላም ብላሃለች በሉልኝ።